ከግርጌ በግራ በኩል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.። የእድሩ ቃለ ጉባኤ አራተኛ አጀንዳ፦ «የተጣጣፊ ወንበር ግዢን በተመለከተ፣ አባላቱ ሰፊ ውይይት ካደረጉ በኋላ» ይልና እዚያው ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል የለም። አራት ነጥብ እንኳ የለም።

የእድሩ መዝገብ ያዥ ብርቅታይት ፋይሉን እንደዚሁ አስቀምጣዋለች። ውይይቱ ላይ ስለ ነበረች እንዴት እንዳለቀ ታውቃለች፤ ስድሳ ወንበር ይገዛ ተብሎ ነው ያለቀው። ግማሽ መስመር ቢፈጅ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ መዛግብት ከተማረችው ሁሉ የጸናባት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰነድ እንደ ተገኘ ይቀመጣል የሚለው ነው፤ ሌላ ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መዝገብ ያዥ አይጨርስም። «ኧረ ምን አለበት፣ ጨርሺው» ሲሏት «አይቻልም» ትላለች፣ በቢሮ ድምፅ።

ዓረፍተ ነገሩን ያን ማክሰኞ ማታ መምታት የጀመሩት ጋሽ ዘውዴ አበባየሁ ናቸው። በማግስቱ ረቡዕ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በእንቅልፋቸው አረፉ።

እሳቸውን የመሰለ ሰው የሌለበት ማኅበር በምድር ላይ የለም። ሰው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ አንዲት ፊደል ሲፈልግ ከኋላው መጥቶ የሚቆም፤ መጀመሪያ የሚተነፍስ፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ በመጨረሻ ትዕግሥቱ ተሟጦ «ተነሥ፣ እኔ ልምታው» የሚል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ታውቀዋለህ። ወይ አጎትህ ነው፣ ወይ አብሮህ የሚሠራ ነው። የለም፣ አላውቀውም ካልህ፣ አንተው ነህ።

ክቡር ጋሽ ዘውዴ፣ የአሥር ጣት ባለሙሉ ሥልጣን፣ ማንም ያልሾማቸው ማንም ሊሽራቸው ያልደፈረ የላስ ቬጋስና የአካባቢዋ የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ፣ ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግዢ ክፍል ነው። ፈተናውን ያለፉት እጃቸው ላይ ፎጣ ተጥሎበት፣ ፊደሉን ሳያዩ ነበር። ይህን ታሪክ ያልሰማ የእድር አባል ካለ፣ ያ ሰው መዋጮ ከፍሎ ስብሰባ ላይ ያልተገኘ ነው። በሱዳን በኩል ወጥተው በሰማንያዎቹ ላስ ቬጋስ ሲገቡ ግን የጽሕፈት መኪና የሚያስነካቸው ጠፋ። አንድ ትልቅ ሆቴል እነዚያን አሥር ጣቶች ወስዶ ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ አሳጠፈባቸው። እንደሚባለው ከሆነ ያን ጊዜም ሥራ አልፈቱም፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲቆጣቸው፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ ከጨርቁ ሥር ቁጣውን ቃል በቃል ይመቱት ነበር።

ጡረታ ሲወጡ መከራው ወደ እኛ ዞረ።

የሮድስ ራንች ሰፈሯ ፋናዬ የልጇን የሜሪን ምረቃ ልታሳውቅ ላፕቶፕዋን ከፈተች።

«ጋሽ ዘውዴ፣ እኔ እኮ አጭር ነገር ነው የምፈልገው። ፎቶዋን አድርጌ ከሥሩ ‹ኑልኝ› ብዬ…»

«ተነሺ።»

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ከፕሪንተሩ የወጣው ወረቀት በቀኝ ጥጉ ቁጥርና ቀን ነበረበት። ቀጥሎ ደመቅ ብሎና ተሰምሮበት «ጉዳዩ፦ የልጃችን የወይዘሪት ሜሪን መመረቅ ስለማሳወቅ» ይላል። መጨረሻው «ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ሲሆን፣ ከዚያ በታች «ግልባጭ፦ ለአያቷ» የሚል አለ።

«ጋሼ! ፍርድ ቤት የጠራኋቸው ነው እኮ የሚመስለው!»

«ቆይ፣ ስንት ሰው ነው የጠራሽው?»

«ሰማንያ።»

ሰማንያውም መጣ፤ ያውም በሰዓቱ። በዚህ ከተማ በተጻፈው ሰዓት የተጀመረ የሐበሻ ድግስ እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች መታወቂያ ይዘው ነበር የመጡት።

እዚሁ ተወልዶ ያደገው አቤል ደግሞ አንድ ቀን የእድሩን ማስታወቂያ በስልኩ ሲጽፍ እጃቸው ላይ ወደቀ። ጋሽ ዘውዴ ከኋላው ቆመው በጣም ረጅም ጊዜ ተነፈሱ።

«በሁለት አውራ ጣት ነው እንዴ የምትጽፈው?»

«ፋስት ነኝ እኮ ጋሼ፣ እየኝ።»

«ስምንቱ ምን በደሉህ?»

«ብሬክ ላይ ናቸው።»

«ብሬክ የሚወጣው የሠራ ነው፣ ልጄ።»

ከሁሉም የበዛ ግልባጭ የሚደርሳት ግን ብርቅታይት ነበረች። እሷ ግሪን ቫሊ፣ እሳቸው ሎን ማውንቴን፤ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠው የልደት ጥሪ ግልባጭ ያመጡላታል። ገና በሩን ሳትከፍተው «መዝገብ ቤት!» ብለው ይጣራሉ።

«አቤት፣ ጽሕፈት ክፍል!»

«ይኸን ፋይል አድርጊ።»

«ጋሽ ዘውዴ፣ የሰው ልጅ አምስተኛ ዓመት ልደት ምን ተብሎ ነው ፋይል የሚደረገው? እጥለዋለሁ፣ እውነቴን ነው።»

«ቁጥር አለው። ቁጥር ያለው ነገር አይጣልም።»

እጥለዋለሁ እያለች አራት ወፍራም አቃፊ ሞላች። ይህን እሳቸው አያውቁም ነበር።

ሁለት የማይነኩ ሕጎች ነበሯቸው። አንደኛው ማመሳከር ነው፤ አንዱ ዋናውን እያነበበ ሌላው የተመታውን እየተከተለ ፊደል በፊደል ማስተያየት። «እጅ ይሳሳታል፣ ማመሳከር ያወጣል» ይላሉ። ሁለተኛው ደግሞ አገር ቤት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ደብዳቤውን የመታው ሰው ከግርጌ፣ በግራ በኩል፣ የስሙን መጀመሪያ ፊደላት በትንሹ ያስቀምጣል። ስሕተት ከተገኘ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጋሽ ዘውዴ ለሜሪ ምረቃም፣ ለክርስትናም፣ ለኪራይ ቤት ማስታወቂያም ከግርጌ በግራ በኩል «ዘ.አ.» ሳይሉ ወረቀት ከእጃቸው አልወጣም።

ያለፈው ነሐሴ ላይ ወይዘሮ ኦዩን በራቸውን አንኳኩ።

ወይዘሮ ኦዩን በዚያው ግቢ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩ የሞንጎሊያ ሰው ናቸው። ባላቸው ዶርጅ የጋሽ ዘውዴ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ አንዱ የአንሶላውን አንድ ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ጫፍ ይዘው፣ አሥራ አራት ዓመት ወደ መሐል ሲመጡ ወደ ኋላ ሲመለሱ የኖሩ። በመካከላቸው የነበረው እንግሊዝኛ ቢቆጠር ሃምሳ ቃል አይሞላም፤ ለአንሶላ ከበቂ በላይ ነው። ዶርጅ በጸደይ ሞተ። ዴንቨር ያለችው ልጃቸው «ብቻሽን አትቀሪም፣ በጥቅምት መጥቼ እወስድሻለሁ» አለች። ወይዘሮ ኦዩን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መኪና መንዳት ትተዋል፤ ስለዚህ እሺ አሉ። ግን አስቀድሞ የዶርጅ ድንጋይ መቆም አለበት።

ጭንቀታቸውን ለጋሽ ዘውዴ በእንግሊዝኛ እንዲህ ሲሉ ነገሯቸው፦ «እኔ ከሄድኩ በዚህ ከተማ ዶርጅን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። እሱን ለማንም ትቼ አይደለም የምሄደው። ድንጋዩ እንኳ በቋንቋው ይናገርለት።»

ስድስት መስመር በእጃቸው ጽፈዋል፤ ፊደሉ እንደ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ድንጋይ ቀራጮቹ ግን በእጅ የተጻፈ አንቀበልም ብለዋል። ተመትቶ በኢሜይል ይምጣ፤ ማሽኑ የተላከለትን እንዳለ ነው ድንጋዩ ላይ የሚያወርደው። ልጃቸው በአራት ዓመቷ ከአገሯ የወጣች ናት፤ ሞንጎልኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም።

ጋሽ ዘውዴ ወረቀቱን ተቀብለው ትክ ብለው አዩት። «ተነሺ» አሉ። ወይዘሮ ኦዩን ቆመው ነበር።

ብርቅታይት በስልክ ስትሰማ ደነገጠች። «ሞንጎልኛ ያውቃሉ እንዴ?»

«እኔ ለምን አውቃለሁ? ጣቴ ይወቅ እንጂ። ዕቃ ግዢ ክፍል እያለሁ የመታሁት ሁሉ ገብቶኝ ነው?»

አቤል መጥቶ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የሞንጎልኛ ኪቦርድ ከፈተላቸው። ስክሪኑ ላይ የኪቦርድ ሥዕል አለ፤ የፈለጉትን ፊደል በማውስ ጫን ሲሉት ከላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ይጻፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እጃቸው በፎጣ ተሸፍኖ የተፈተኑት ባለ አሥር ጣት በስተርጅና በአንድ ጣት፣ እንደ ዶሮ፣ ፊደል እንዲለቅሙ ተፈረደባቸው። አቤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሳቅ። ሳቅ፣ ይውጣልህ» አሉት።

በሁለተኛው ቀን ግን ማውሱን ገፍተው የራሳቸውን ኪቦርድ ቢነኩ፣ ለካ የሞንጎልኛው ፊደል በዚያም ይወጣል፤ የቱ ቁልፍ ሥር የቱ እንደ ተቀመጠ ማወቅ ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማቸው! ቁልፎቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፉ። የፊደሎቹን ስም ስለማያውቁ ራሳቸው ስም አወጡላቸው። እንደ ሹካ ሦስት ጥርስ ያለው ሹካ ተባለ። ቅርንጫፉ ለሁለት የተከፈለው ባላ ሆነ። ክብ ሆኖ መሐሉ ላይ መስመር ያለው ቀበቶ የታጠቀው ነው። ስድስት እግሩን ወደ ጎን የዘረጋው ደግሞ ጊንጥ። ውጭው መቶ አሥራ ሁለት ዲግሪ ፋራናይት እየነደደ፣ እሳቸው ኤሲያቸውን ከፍተው አሥራ አንድ ቀን ባላና ጊንጥ ሲለማመዱ ሰነበቱ፤ ለስድስት መስመር!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብርቅታይት ተጠራች።

«መዝገብ ቤት፣ ነይ አመሳክሪ።»

«ጋሽ ዘውዴ፣ ሁለታችንም የማናውቀውን ቋንቋ እንዴት ነው የምናመሳክረው?»

«የምናውቀውንማ ማን ያመሳክረዋል? የሚያውቅ ሰው እኮ ልቡ ቀድሞ ነው የሚያነበው። የማያውቅ ነው የተጻፈውን የሚያይ።»

ብርቅታይት ይህን አባባል በኋላ ለሥራ ባልደረቦቿ ነግራለች፤ ማን እንዳለው ግን አልተናገረችም። ያን ቀን የወይዘሮ ኦዩንን ወረቀትና ጋሽ ዘውዴ ያዘጋጁትን የፊደላት ስም ዝርዝር ይዛ ተቀመጠች። ወይዘሮ ኦዩን ሶፋው ላይ እጃቸውን በእጃቸው ይዘው ያዳምጣሉ።

«ባላ።»

«ባላ አለ።»

«ቀበቶ የታጠቀው።»

«አለ፤ ታጥቋል። ቀጥይ።»

«ይሄ… ጎጆ ነው ድንኳን?»

«እግር አለው?»

«ሁለት አጫጭር እግር አለው።»

«ጎጆ ነው።»

«ቀለበት። ባንዲራ። ጊንጥ።»

«አለ፣ አለ፣ ጊንጡም አለ።»

ወይዘሮ ኦዩን ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ዘውዴ ወረቀቱን አስጠግተው እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየነኩ፣ ባላቸው እንግሊዝኛ ሁሉ አስረዷቸው። የመጨረሻዎቹ አራቱ የባላቸው ስም ነበሩ። ዶርጅ፦ ጎጆ፣ ቀለበት፣ ባንዲራ፣ ጊንጥ።

ወይዘሮ ኦዩን አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ብርቅታይት አስከፋናቸው ብላ ወረቀቱን አስቀመጠች። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር።

«ትክክል ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ጠዋት ጠዋት ጊንጥ ነበር።»

ሦስት ጊዜ አመሳከሩ። አንድ ስሕተት አልተገኘም። ብርቅታይት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ጋሽ ዘውዴም፣ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው፣ የመጨረሻውን ነገር ከግርጌ በግራ በኩል አኖሩና ላኩት።

ድንጋይ ቀራጮቹ ከመቅረጻቸው በፊት ናሙናውን በወረቀት ላኩ። ጋሽ ዘውዴ ማስመሪያ ይዘው መስመር በመስመር አዩት፤ ስድስቱም ልክ ናቸው። ከስድስቱ በታች ያለውን ግን አላዩትም። ዕድሜ ልኩን አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው፣ ያ ነገር ለዓይኑ እንደ ወረቀቱ ጠርዝ ነው። ወይዘሮ ኦዩን ፈረሙ፤ ድንጋዩም ተቀረጸ።

ወይዘሮ ኦዩን ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከጋሽ ዘውዴ ጋር ሦስቱም በብርቅታይት መኪና መቃብሩ ቦታ ሄዱ። ድንጋዩ ግራጫ ነው፣ ጠዋት ላይ ገና አልጋለም። ጋሽ ዘውዴ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ሊጎበኝ እንደ መጣ ሹም፣ ከላይ ጀምረው ወረዱ። አንደኛ መስመር። ሁለተኛ። ስድስተኛ። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ።

ከግርጌ፣ በግራ በኩል፣ በትንሹ፣ ግን ጠልቆ የተቀረጸ፦ ዘ.አ.።

«ምን አደረግሁ?» አሉ። ተንበርክከው በአውራ ጣታቸው ይፍቁት ጀመር። «ምን አደረግሁ? የሰው መቃብር ላይ! አስፍቀዋለሁ፣ ነገ ጠዋት አስፍቀዋለሁ።»

«ጋሽ ዘውዴ፣ ድንጋይ እኮ ነው» አለች ብርቅታይት ቀስ ብላ። «ይነሡ፣ ይነሡ በቃ።» ዕድሜያቸውን ሁሉ ሰው ሲያስነሡ የኖሩት ሰው መነሣት አቃታቸው።

ወይዘሮ ኦዩን ጎንበስ ብለው ሁለቱን ፊደላት አዩ። «ይኸ የእናንተ ጽሑፍ ነው። ምን ይላል?»

«ስሜ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ልማድ ነው፣ የድሮ መሥሪያ ቤት ልማድ።»

«ለምንድን ነው የሚጻፈው?»

«ስሕተት ቢገኝ የሚጠየቀው ሰው እንዲታወቅ።»

ወይዘሮ ኦዩን ጋሽ ዘውዴን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ።

«እኔ ነገ እሄዳለሁ» አሉ። «ስለ ዶርጅ እዚህ የሚጠየቅ ሰው የለም ብዬ ነው ስንት ቀን እንቅልፍ ያጣሁት። እንግዲህ ካለ፣ አይፋቅ። ትጠየቃለህ?»

«እጠየቃለሁ» አሉ ጋሽ ዘውዴ፣ እንደ ተንበረከኩ።

ተጠየቁም። ከጥቅምት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ባልዲና ብሩሽ መኪናቸው ኋላ ጭነው ይሄዳሉ። የዚህን አገር አቧራ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ የታጠበ መኪና ነገ ስም ይጻፍበታል። ድንጋዩን አጥበው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ቤት ይመለሱና ለዴንቨር ይጽፋሉ። ወይዘሮ ኦዩን ሲሄዱ በሞንጎልኛ አንዲት ዓረፍተ ነገር ካርድ ላይ ጽፈው ሰጥተዋቸው ነበር፤ «ንጹሕ ነው፣ ሰላም ነው» ማለት ናት። ጋሽ ዘውዴ ያችን ዓረፍተ ነገር በየጊዜው የኢንተርኔቱን ኪቦርድ ከፍተው ከሀ እስከ ፐ እንደ አዲስ ይመቷታል።

«ያለፈውን ኮፒ አድርገው ለምን አይልኩትም?» አለቻቸው አንድ ቀን ብርቅታይት።

«ያለፈው ያለፈው ማክሰኞ ነው። ዛሬ ንጹሕ መሆኑን ያየሁት ዛሬ ነው።»



የእሳቸውን የሞት ማስታወቂያ የመታችው ብርቅታይት ናት። በሁለት ጣት ነው የምትመታው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ናት። አንዲት ፊደል ጠፍታባት ብዙ ፈለገች። ከኋላዋ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ስትጨርስ ከግርጌ በግራ በኩል የስሟን ሁለት ፊደላት አስቀመጠች፤ እድሩ ውስጥ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ቀኑን በትክክል ለማስቀመጥ፦ ሰኞ መጋቢት 8 ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ ዋለ። ማክሰኞ መጋቢት 9 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ዘውዴ መቃብሩ ቦታ ደረሱ። የዶርጅን ድንጋይ አጠቡ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መልእክቱ ዴንቨር ደርሷል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ለብርቅታይት ደወሉ፤ እሷ ሥራ ላይ ነበረች።

«መዝገብ ቤት፣ ዛሬ ዘገየሁ። ሁለት ድንጋይ ነው ያጠብኩት።»

«ሁለተኛው ደግሞ የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አጠገቡ ያለው ነው። የዶርጅን ሳጥብ ጭቃው ወደሱ ወረደ። ታዲያ ያቆሸሽኩት እኔ አይደለሁ?»

ቧንቧው ሩቅ ነው፤ ባልዲውን እንደገና ሞልተው ለመምጣት ሁለት ጊዜ አርፈዋል። የማያውቁትን ሰው ድንጋይ በሳሙና አሹ፣ አለቀለቁ፣ በፎጣ አደረቁ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።